ዣን ኢታርና ያልተናገረው ተማሪ

መምህር የሆነ ሰው ሁሉ በሥራ ዘመኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ፥ በስሙ ቢጠሩት የማይመልስ፥ ከጓደኞቹ ጋራ የማይጫወት፥ ትምህርቱም ሆነ ተግሣጹ የማይገባው የሚመስል ሕፃን ያጋጥመዋል። በዚያን ጊዜ መምህሩ ከሁለት አንዱን መንገድ ይመርጣል፤ ወይ ልጁ መማር አይችልም ብሎ ይተወዋል፥ ወይም እኔ ማስተማሩን ገና አላወቅሁበትም ብሎ ሥራውን ይጀምራል። ሁለተኛውን መንገድ ከመረጡት ሰዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ዣን ማርክ ጋስፓር ኢታር የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም ነው። የድካሙም የስሕተቱም ታሪክ ለመምህራን የሚጠቅም ስለ ሆነ እነሆ ባጭሩ እንጽፋለን።

ኢታር በ1774 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በደቡብ ፈረንሳይ ኦሬዞን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በወጣትነቱ የታሰበለት ሥራ የባንክ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን የፈረንሳይ አብዮት ተነሥቶ ወጣቱ ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ ሲጠራ፥ ኢታር በቱሎን ከተማ በሚገኘው የወታደሮች ሆስፒታል የሐኪም ረዳት ሆኖ ገባ። ከጦርነት ለመዳን የገባበትን ሥራ ግን እየወደደው ሄደ፤ ቀጥሎም በፓሪስ በቫል ደ ግራስ ሆስፒታል ሕክምናን ተማረ። በ1800 ዓ.ም. መጨረሻ አባ ሲካር በሚያስተዳድሩት መስማት ለተሳናቸው ልጆች በቆመው ብሔራዊ ትምህርት ቤት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው ገና ሃያ ስድስት ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት በጥር ወር፥ በደቡብ ፈረንሳይ በአቬሮን አውራጃ ሴን ሰርኔን በሚባል መንደር አጠገብ፥ ዕድሜው አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የሚገመት ልጅ ከጫካ ወጣ። ከዚያ አስቀድሞ በዱር ሲዞር ታይቶ ተይዞም አምልጦ ነበር። ቋንቋ የለውም፤ ልብስ ሲያለብሱት ይቀድደዋል፤ እህሉን ሳይበላ በፊት ያሸተዋል፤ ሲቀመጥም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በአጠገቡ ሽጉጥ ሲተኰስ አይደነግጥም፤ የሚወደው ለውዝ ከበስተኋላው ሲሰበር ግን ፈጥኖ ይዞራል። በነሐሴ ወር ወደ ፓሪስ ባመጡት ጊዜ የከተማው ሰው እንደ ትርኢት ሊያየው ጐረፈ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሰልችቶት ተወው።

የአእምሮ ሕሙማንን ከሰንሰለት በማስፈታቱ ስሙ የገነነው ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል ልጁን መርምሮ፥ ከተፈጥሮው አእምሮው የደከመ ስለ ሆነ ትምህርት ሊያሻሽለው አይችልም ብሎ ፈረደ። ኢታር ለፒኔል ትልቅ አክብሮት ነበረው፤ ፍርዱን ግን አልተቀበለም። እርሱ እንዳሰበው የልጁ ጉድለት ከሰው ተለይቶ ከመኖሩ የመጣ እንጂ ከተፈጥሮው የመጣ አልነበረም። እንግዲህ ወጣቱ ሐኪም የታላቁን ሐኪም ፍርድ በክርክር ሳይሆን በትምህርት ሥራ ሊፈትነው ተነሣ።

ሥራውንም የጀመረው አምስት ዓላማዎችን ጽፎ ነው። እነዚህም፥ ልጁ ከሰው ጋራ መኖርን እንዲወድ ማድረግ፤ የደነዘዙትን የስሜት ሕዋሳቱን ማንቃት፤ አዲስ ፍላጎት እየፈጠሩ ሐሳቡን ማስፋት፤ ችግሩ ሲያስገድደው በማስመሰል እንዲናገር ማድረግ፤ በመጨረሻም በሚፈልጋቸው ነገሮች እያለማመዱ አስተሳሰቡን ማዳበር ነበሩ። ልጁ ኦ የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ዘወር ስለሚል፥ ይህ ድምፅ ያለበትን ቪክቶር የሚለውን ስም አወጣለት። የዕለት ኑሮውን፥ ምግቡንና ንጽሕናውን የምትጠብቅ ግን ማዳም ጌሬን የተባለች ሴት ነበረች። ኢታር በየቀኑ በሰዓቱ መጥቶ ያስተምራል፤ ማዳም ጌሬን ግን ከልጁ ጋራ ትኖራለች። ቪክቶር ሰውን መውደድ የተማረው ከሁሉ ይልቅ ከእርስዋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ኢታር የትምህርት መሣሪያዎቹን ራሱ ይፈጥር ነበር። ቁልፍ፥ መቀስና መዶሻ የመሳሰሉትን ዕቃዎች ሥዕላቸውን በሰሌዳ ላይ ይነድፍና ቪክቶር እያንዳንዱን ዕቃ በሥዕሉ ላይ እንዲሰቅል ያደርጋል። ልጁ ቦታውን ብቻ በቃሉ ይዞ እንዳይሆን የሥዕሎቹን ስፍራ ይለዋውጣል። ቀጥሎ የተለያዩ ቅርጾችንና ቀለሞችን፥ ከዚያም ፊደሎችን አስለየው። ተማሪው አንዱ ደረጃ ሲከብደው ወደ ኋላ ተመልሶ በመካከል ሌላ ትንሽ ደረጃ ይጨምራል። ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ከቀላል ወደ ከባድ ብለን የምናስተምረውን ሥርዓት ኢታር ያገኘው በዚህ ዓይነት በአንድ ተማሪ ፊት ተቀምጦ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው የወተቱ ነገር ነው። ኢታር በፈረንሳይኛ ወተት የሚለውን ቃል ቪክቶር በአፉ እንዲለው ብዙ ደከመ። ልጁም አንድ ቀን ቃሉን አወጣ፤ ነገር ግን የሚለው ወተቱን ከተቀበለ በኋላ በደስታ እንጂ ወተት ለመለመን አልነበረም። ስለዚህ ኢታር ቃሉ ከንቱ ድምፅ ነው ብሎ አዘነ። ኋላ ግን ቪክቶር የቃሉን አራት ፊደሎች በሰሌዳ ላይ መደርደር ተማረ። ጥቂት ቀን አልፎ ዘወትር ወተት ወደሚጠጣበት ወደ ጎረቤት ቤት ሲሄዱ፥ ማንም ሳያዝዘው እነዚያን አራት ፊደሎች መርጦ በኪሱ ያዘ፤ እንደ ደረሰም በገበታው ላይ ደርድሮ አሳየ። በአንደበቱ ሊለምን ያልቻለው ልጅ በፊደል ለመነ።

ይህም ብቻ አይደለም። ቪክቶር የሰለቹትን እንግዶች ባርኔጣቸውንና ዘንጋቸውን አቀብሎ ቀስ አድርጎ ወደ በሩ ይገፋቸው ነበር። የማዳም ጌሬን ባል በሞተ ጊዜም እንደ ልማዱ የሟቹን ሳህን በገበታው ላይ አቀረበ፤ የሴትዮዋን ልቅሶ ባየ ጊዜ ግን ሳህኑን አንሥቶ ወደ ስፍራው መለሰ፤ ከዚያም ወዲያ አላቀረበውም። ይህን ሁሉ የመዘገበው ኢታር ራሱ ነው። ይሁን እንጂ የንግግር መንገድ አንደበት ብቻ ይመስለው ስለ ነበር፥ ዙሪያውን በእጅ ምልክት ከሚነጋገሩ ልጆች ጋራ እየኖረ ቪክቶርን የእጅ ምልክት ቋንቋ አላስተማረውም። በትዕግሥትም ቢሆን ያልጎደለ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን ልጁ ትምህርቱን ጠልቶ ሲያስቸግር በመስኮት አውጥቶ ቁልቁል አንጠልጥሎ አስፈራራው። ልጁ ወርዶ ሥራውን ሠራ፥ ከዚያም በአልጋው ላይ ወድቆ አለቀሰ። የመምህርን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ይህን ሊደብቅ አይገባውም፤ ፍርሃት ታዛዥ ቢያደርግ እንኳ መናገርን አያስተምርምና።

ኢታር የሥራውን ውጤት በ1801 እና በ1806 ዓ.ም. በሁለት መግለጫዎች አቀረበ። ከአምስት ዓመት ያህል ድካም በኋላ ቪክቶር መናገር ስላልቻለ፥ አልተሳካልኝም ብሎ ትምህርቱን አቆመ። ቪክቶር በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ መንግሥት ለማዳም ጌሬን በሚሰጣት ድጎማ ከእርስዋ ጋራ እየኖረ በ1828 ዓ.ም. ሞተ። ኢታር ግን በሕክምናው ገፋ፤ በ1821 ዓ.ም. ስለ ጆሮ በሽታዎች የጻፈው መጽሐፍ በዚህ የሕክምና ዘርፍ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1828 ዓ.ም. ደግሞ ጆሯቸው እየሰማ ስለማይናገሩ ልጆች ጻፈ። በ1838 ዓ.ም. ሲሞትም ከሀብቱ ለዚያው ትምህርት ቤት ተናዘዘ።

እርሱ አልተሳካም ያለው ሥራ ግን ከእርሱ ጋራ አልተቀበረም። በመጨረሻ ዘመኑ የመከረው ኤድዋር ሴጌን የአእምሮ ድካም ላለባቸው ልጆች የትምህርት ዘዴውን አስፋፍቶ ወደ አሜሪካ አደረሰው። ጣሊያናዊቱ ማሪያ ሞንቴሶሪ የሁለቱን መጻሕፍት በእጅዋ ገልብጣ ካጠናች በኋላ በ1907 ዓ.ም. በሮማ ለድኾች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት የምናያቸው የሚዳሰሱ ፊደሎች ዘራቸው ወደ ቪክቶር ሰሌዳ ይደርሳል።

በ1943 ዓ.ም. ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በአሜሪካ አሥራ አንድ ልጆችን መርምሮ ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ሁኔታ ገለጸ። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ቪክቶርም ኦቲዝም ነበረበት፥ አልነበረበትም እያሉ ተከራክረዋል። ለመምህር ግን ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚጠቅመው በክፍል የሚሠራው ሥራ ነው። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ከ1990 እስከ 2017 ዓ.ም. የታተሙትን ጥናቶች መርምረው፥ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ማስረጃ የተገኘላቸውን 28 የአሠራር ዘዴዎች በ2020 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ከእነዚህም መካከል የቀኑን ሥራ በሥዕል ማሳየት፥ ሥራውን በትንንሽ ደረጃ መከፋፈል፥ በምልክት ወይም በሥዕል እንዲጠይቅ ማስተማር፥ ጓደኞቹን ረዳት ማድረግ ይገኙባቸዋል። አንድ ልጅ በአንድ ሰሌዳ የተማረውን በሌላ ስፍራና ከሌላ ሰው ጋራ እንዲሠራበት ማለማመድ እንደሚያስፈልግም ታውቋል፤ ቪክቶር ፊደሎቹን ይዞ ወደ ጎረቤት ቤት በሄደ ጊዜ ያሳየው ይህንኑ ነበር። በአገራችንም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ ባቋቋሙት በጆይ የኦቲዝም ማዕከል እንደነዚህ ያሉ ልጆች ሲማሩ ቆይተዋል።

ይህን ታሪክ የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። መምህርነት በጀመርሁበት ዓመት በአንደኛ ክፍሌ ቆርኪ እየደረደረ የሚውል፥ ደወል ሲደወል ጆሮውን የሚይዝ፥ ስሙን ብጠራው የማይመልስ ልጅ ነበረኝ። እናቱን አስጠርቼ፥ መናገር ሲጀምር መልሰው ያምጡት አልኋቸው። እርሳቸውም አመስግነውኝ እጁን ይዘው ሄዱ፤ ልጁም አልተመለሰም። ያ ልጅ ቆርኪዎቹን በቀለማቸው ለይቶ ይደረድር እንደ ነበረ ያስታወስሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በማሠልጠኛው ስለ ቪክቶር ሰሌዳ ሳስተምር ነው። የኢታር የመጀመሪያው ትምህርት በደጄ ተቀምጦ ሳለ እኔ አሰናብቼው ነበር።

ስለዚህ ወደ ሥራ የምንልካቸው ወጣት መምህራን ከኢታር ሕይወት አንድ ነገር እንዲይዙ እንመኛለን። ልጁ መናገር እስኪችል ከትምህርት ቤት ደጅ አይመለስ፤ መናገርን የሚማርበት ቦታ ትምህርት ቤቱ ነውና። በአፉ ባይናገር በእጁ፥ በእጁ ባይሆን በሥዕል፥ በሥዕል ባይሆን በሚደረድረው ቆርኪ የሚናገረውን ለመስማት መምህሩ ዝግጁ ይሁን።