የሠላሳ አምስተኛው ዓመት ሒሳብ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በጃንዋሪ ወር መጨረሻ፣ ጄምስ ዋት 34 ዓመት ሞልቶት 35ኛውን ሲጀምር፣ በርሚንግሃም ለሚኖረው ወዳጁ ለሐኪሙ ለዊልያም ስሞል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የልደት ቀን ደስታ የለበትም። ዋት ዕድሜውን እንደ ነጋዴ መዝገብ ገልጦ ሲመረምር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ለዓለም ያበረከተው ጥቅም ቢተመን ከዕድሜው ቁጥር ጋር የሚተካከል 35 ፔኒ እንኳ መሙላቱን ተጠራጠረ።

ይህን የጻፈው ዛሬ ስሙ በየአምፖሉና በየሞተሩ ሰሌዳ ላይ የኃይል መለኪያ ሆኖ የሚነበበው ሰው ነው። ስለ እርሱ ለሕፃናት የሚተረከው የማንቆርቆሪያ ታሪክ አንድ ጉዳት አለው፤ ይኸውም ሐሳብ በመጣ ማግስት ማሽን የሚቆም ማስመሰሉ ነው። ዋት ሐሳቡን ካገኘበት ቀን አንሥቶ ማሽኑ ለደንበኛ ሥራ እስከ ጀመረበት ቀን ድረስ ግን 11 ዓመት ያህል አልፏል። ያ ደብዳቤ የተጻፈው በነዚህ ዓመታት መካከል ነው።

ወደ ኋላ የመቅረት ስሜቱ ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። በ1736 በስኮትላንድ የወደብ ከተማ በግሪኖክ ሲወለድ አባቱ በመርከብ ሥራና በንግድ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ዋት ጎልማሳ ሲሆን ግን እናቱ ሞተች፤ የአባቱም ሀብት ተመናመነ። በ19 ዓመቱ ለንደን ሄዶ የመለኪያ መሣሪያ አሠራር ሲማር፣ ሌላው ሰባት ዓመት የሚቆይበትን ሙያ በአንድ ዓመት ለመጨረስ ሌት ተቀን ደክሞ ጤናው ታውኮ ተመለሰ። ግላስጎው ውስጥ ሱቅ ለመክፈት ቢሞክር፣ የተለማማጅነት ዘመኑን አልፈጸመም ተብሎ እንደ ተከለከለ ይነገራል። ያስጠጋው የከተማው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1757 በግቢው ውስጥ የሥራ ክፍል ሰጠው።

እዚያም ሳለ የኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር ማስተማሪያ ሞዴል እንዲጠግን ተሰጠው። ሞዴሉ ጥቂት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ይቆም ነበር። ዋት ጠግኖ በመመለስ ብቻ አልረካም፤ የሚፈጀውን እንፋሎት ለካ። ሲሊንደሩ በየምቱ ፒስተኑን ለማውረድ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፤ ለሚቀጥለው ምት ደግሞ እንደገና መሞቅ አለበት። ስለዚህ አብዛኛው እንፋሎት የሚያልቀው ሥራ ሲሠራ ሳይሆን ብረት ሲያሞቅ ነው። በ1765 አንድ እሑድ በግላስጎው መስክ ሲንሸራሸር መፍትሔው ታየው። እንፋሎቱ ወደ ውሃ የሚለወጥበት ዕቃ ከሲሊንደሩ ተለይቶ ቢቆም፣ ሲሊንደሩ ዘወትር ትኩስ፣ ማቀዝቀዣውም ዘወትር ቀዝቃዛ ሆኖ ይኖራል።

ሐሳቡ እዚህ ላይ አለቀ፤ ችግሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ጆን ሮቡክ የተባለ ባለ ኢንዱስትሪ ከመብቱ ሁለት ሦስተኛውን ወስዶ ወጪውን ለመሸፈን ተዋዋለ፤ በ1769 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበ። በኪኒል የተሠራው 18 ኢንች ሲሊንደር ያለው የሙከራ ሞተር ግን እንፋሎት ያሾልክ ነበር። የሲሊንደሩ ክብ ትክክል አልነበረም፤ አንጥረኞቹም የለመዱት መዶሻ እንጂ ልክ አይደለም። በዚያው በ1769 አርክራይት የመፍተያ ማሽኑን መብት አስመዝግቦ በሁለት ዓመት ውስጥ ክሮምፎርድ ላይ ፋብሪካ አቆመ። መሐንዲሱ ስሚተን የኤዲስቶንን የባሕር መብራት ቤት ሲጨርስ ዕድሜው 35 ነበር። በዚያው ዕድሜ ዋት ያለው አንድ የሚያሾልክ ሞተርና ብዙ ዕዳ ነው።

ከዚያ ወራት የተረፉት ደብዳቤዎች ሲነበቡ፣ ዋት ራሱን ከመውቀስ አልፎ ጉድለቱን ከጉድለት መለየት መጀመሩ ይታያል። ስንፍናውን፣ የራስ ምታቱን፣ ቶሎ ተስፋ መቁረጡን ሳይሸሽግ ያስቀምጣል። ከሰው ጋር ዋጋ ከመከራከርና ሒሳብ ከመተሳሰብ ይልቅ በጎረሰ መድፍ ፊት መቆም እንደሚቀለው ለወዳጁ ገልጿል። በድምሩ ተሳስቷል ማለት ይቻላል፤ ከ35 ፔኒ በእጅጉ የሚበልጥ ነገር በእጁ ነበርና። ዝርዝሩ ግን ትክክል ነው። የሞተሩ መርሕ አልከሸፈም፤ የጎደለው ሲሊንደሩን በልኩ የሚሰረስር ሰውና ንግዱን የሚሸከም ሰው ነው። ሁለቱም ዋት ራሱ ሊሆናቸው የሚችል አልነበሩም።

ስለዚህ ያደረገው፣ ከውጭ ለሚያይ ሽንፈት የሚመስል ነው። ሞተሩን አቆይቶ ወደ ግላስጎው የድንጋይ ከሰል የሚያመላልሰውን የሞንክላንድ ቦይ ሥራ ያዘ። ምክንያቱን ሲያስረዳም ሚስትና ልጆች እንዳሉት፣ እነርሱን የሚያሳድርበት የተረጋጋ ሥራ ሳይኖረው ጠጉሩ ሊሸብት መሆኑን ጠቀሰ። በዝናብና በጭቃ ቅየሳ ሲያካሂድ፣ ሠራተኞችን ሲቆጣጠር፣ ርቀት የሚለካበትን መነጽርም ራሱ ሲሠራ ቆየ። ብዙ ሳይቆይ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ይልቅ ጉልበቱ እንደበረታና ውሳኔው እንደጠና ለስሞል ጻፈለት። ለዓመታት ሳይጨርሰው የኖረውን ነገር ትቶ በየዕለቱ የሚያልቅ ሥራ መያዙ ሳይረዳው አልቀረም።

1773 ግን ጨካኝ ዓመት ነበር። ሮቡክ ከሠረ፤ ገንዘብ ጠያቂዎቹ ንብረቱን ሲገምቱ ለሞተሩ የሰጡት ዋጋ ከምንም አይቆጠርም ነበር። በሴፕቴምበር ዋት በሰሜን ስኮትላንድ ተራሮች ለሌላ ቦይ ሲቀይስ ሳለ ሚስቱ ማርጋሬት በወሊድ እንደታመመች መልእክት ደረሰው፤ ቤቱ ሲደርስ ሞታ ነበር።

የበርሚንግሃሙ ፋብሪካ ባለቤት ማቲው ቦልተን ከሮቡክ ላይ ስለነበረው 1,200 ፓውንድ ያህል ዕዳ ድርሻውን ተረከበ። ዋትም በ1774 ዕቃውን ሰብስቦ፣ በ38 ዓመቱ፣ ወደዚያ ተዛወረ። ቦልተን ዋት የሚሸሸውን ድርድር የሚወድ ሰው ነው። የጎደለው ሁለተኛው ሰው ደግሞ ጆን ዊልኪንሰን ሆነ። ለመድፍ በተሠራው የመሰርሰሪያ ማሽኑ ያወጣው 50 ኢንች ሲሊንደር፣ ስሕተቱ ከአንድ አሮጌ ሽልንግ ውፍረት አይበልጥም ነበር። ፓርላማው በ1775 የመብቱን ዘመን እስከ 1800 አራዘመ፤ በ1776 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሞተሮች፣ አንዱ በከሰል ማዕድን ሌላው በዊልኪንሰን የብረት ማቅለጫ፣ ሥራ ጀመሩ። ክፍያውም የዋትን ጠባይ የሚመስል ነው፤ ደንበኛው ከአሮጌው ሞተር አንጻር ካዳነው ነዳጅ ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ይከፍላል።

የቀረው የታወቀ ነው። የፒስተኑን በትር ቀጥ አድርጎ የሚመራውንና ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የኮራበትን የአንጓ ዘዴ ያስመዘገበው በ48 ዓመቱ፣ በ1784 ነው።

በ1800 ከሥራ ከወጣ በኋላ በሄትፊልድ ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ምድጃና መሞረጃ አስገብቶ፣ ቅርጻ ቅርጽ የሚገለብጥ ማሽን ሲያሻሽል ኖረ። በ1819 እስኪሞት ድረስ ያችን ክፍል አልተዋትም። ማሽኑ ያወጣቸውን ምስሎች ለወዳጆቹ ሲልክ፣ ገና 83ኛ ዓመቱን የጀመረ የአንድ ወጣት አርቲስት ሥራ መሆናቸውን እየገለጸ ይቀልድ ነበር።