ፍራንከንስታይንን የጻፈችው እናት

ፍራንከንስታይን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት የፊልም ጭራቅ ነው። ስሙ ግን የጭራቁ ሳይሆን የሠሪው ነው፤ ጭራቁማ ስም እንኳ አልወጣለትም። ታሪኩን መጻፍ የጀመረችው ደግሞ የ18 ዓመት እንግሊዛዊት ናት፤ ሜሪ ሼሊ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።)

ሜሪ ኦገስት 30 ቀን 1797 ለንደን ውስጥ ተወለደች። እናቷ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት በ1792 ስለ ሴቶች መብት መጽሐፍ ያሳተመች አንቱ የተባለች ጸሐፊ ነበረች። ግን በወለደች በ11ኛው ቀን በወሊድ ትኩሳት ሞተች። ልጅቷ እናቷን ያወቀቻት በመጽሐፎቿና በመቃብሯ ብቻ ነው።

በ16 ዓመቷ ከገጣሚው ፐርሲ ሼሊ ጋር ኮበለለች። ሰውየው ባለትዳር ነበርና ሀገር ጉድ አለ፣ አባቷም አኮረፋት። በ1815 የመጀመሪያ ልጇን ያለ ጊዜዋ ወለደች፤ ሕፃኗ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት አረፈች። ሜሪ በዚያው ሰሞን ያየችውን ሕልም በማስታወሻዋ አስፍራለች። ሕፃኗን እሳት ዳር አድርገው ሲያሿት ነፍስ ትዘራለች። ስትነቃ ግን ልጅ የለም። በዓመቱ ሬሳ የሚያስነሳ ሰው ታሪክ መጻፍ ጀመረች። እኛ ይሄን ሕልም ካወቅን ወዲህ መጽሐፉን እንደ ተራ አስፈሪ ታሪክ ማንበብ አልቻልንም።

የተጻፈበት ጊዜም እንዲሁ ነው። በ1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ሰማዩን ጋረደ። በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ የሙቀት ወራቱን ሳያይ ቀረ፤ ሰብል ጠፋ፣ ረሃብ ገባ። ሜሪና ጓደኞቿ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት ዘግቶባቸው ሳለ ገጣሚው ባይረን እያንዳንዳቸው የሙት መንፈስ ታሪክ እንዲጽፉ ሐሳብ አቀረበ። እና ያ መጽሐፍ መጣ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1818 የደራሲዋ ስም ሳይኖርበት 500 ቅጂ ታተመ። ባሏ ነው የጻፈው ያሉም ነበሩ።

በነገራችን ላይ፣ በወሩ ባሏ ከገጣሚ ወዳጆቹ ጋር ተፎካክሮ ስለ ናይል አጭር ግጥም ጽፏል። እዚያ ውስጥ ያለው በኢትዮጵያ ስውር ሸለቆዎች ላይ ወር ከወር የሚወርደው ዝናብ እንግዲህ የኛው የሰከላና የጎጃም ዝናብ መሆኑ ነው። አንድም ቀን ግን አላየውም።

ኢኮፌሚኒዝም የሚለውን ቃል በ1974 ያወጣችው ፈረንሳዊቷ ፍራንስዋዝ ዶቦን ናት። ከዚያ በኋላ የመጡ ሴት ምሁራን የሜሪን መጽሐፍ እንደገና ገለጡት። አን ሜለር በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን ግልጥልጥ አደረገችው። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ተፈጥሮን ምስጢሯን በግድ እንደምትነጠቅ ሴት ነው የሚያያት። ያለ እናት ሕይወት ይሠራል፤ ሲሠራው ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ለፍጡሩ ሚስት መሥራት ይጀምርና ይቺ ሴት የራሷ ፈቃድ ቢኖራትስ ብሎ ይፈራል፣ ልጅ ብትወልድስ ብሎም ይፈራል፤ ሳይጨርሳት ይበጣጥሳታል። ፍጡሩ ደግሞ ሥጋ አይበላም። ምግቡ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ በሉት!

እዚህ ላይ እኛ የሚታየን ጢስ ዓባይ ነው። በ1964 የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሲመጣ ከፏፏቴው ውሃ ተጠለፈ። በ2001 ሁለተኛው ሲጨመር ያ የሚጨሰው ውሃ ሳስቶ ለማየት ከሩቅ የመጣ ሰው አዝኖ የሚመለስበት ጊዜ መጣ። መብራቱ አያስፈልግም አላልንም፤ ሜሪም ሳይንስን አልጠላችም። ግን ሽቦው በላይዋ እያለፈ እንጨት ተሸክማ ገብታ ምድጃ ላይ እፍ የምትል እናት ዛሬም በገጠራችን አለች። ውሃው ሲጠለፍ እሷን ማን ጠየቃት?

የሜሪ ሐዘን በዚያ አላበቃም። በ1818 ልጇ ክላራ፣ በ1819 ልጇ ዊሊያም ጣልያን ሀገር ሞቱባት። በ1822 ባሏ ጀልባው ሰጥማ ባሕር በላው። የተረፋት አንድ ወንድ ልጅ ነው። እሱንም በብዕሯ አሳደገችው።

በ1826 የመጨረሻው ሰው የሚል ልብወለድ አወጣች፤ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኝ የሰውን ዘር ሲጨርስ የሚያሳይ። ተቺዎች አብጠለጠሉት፣ ከ100 ዓመት በላይም ተረስቶ ኖረ። እሷ ፌብሯሪ 1 ቀን 1851 በ53 ዓመቷ አረፈች። የልብወለዱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ዓመቱ 2100 ነው። ከተማው እንዳለ ቆሟል፣ ዛፉም ከብቱም አለ፤ የጠፋው ሰው ብቻ ነው። አንዱ የተረፈው ሰው ውሻውንና ጥቂት መጻሕፍት ይዞ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ባገኝ ብሎ ጀልባ ላይ ይወጣል።