ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአሰልጣኝነት ወደ ስብሰባ አዳራሽ

ቅዳሜና እሁድ በደብረ ማርቆስም ሆነ በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የእንግሊዝን ኳስ የሚያይ ሁሉ፣ ትናንት ቡድን ሲመሩ የነበሩ አሰልጣኞች ከረባት አስረው ስቱዲዮ ውስጥ ሲተነትኑ ማየት ለምዷል። ኢትዮጵያን ለብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት አንጋፋው ይድነቃቸው ተሰማም አሰልጣኝነቱን ሲተዉ ማይክራፎን ጨብጠዋል። የእሳቸው ማይክራፎን ግን የካፍና የፊፋ ጉባኤዎች ላይ ነበር።

ይድነቃቸው በ1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረት ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ከክራሩ ይልቅ ኳሱ በለጠበት። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውቶ በ365 ጨዋታ 318 ጎል አግብቷል። ለዛሬ አጥቂዎች ይህ ቁጥር ተረት ይመስላቸው ይሆናል።

የኳስ ሕይወታቸው የጀመረው ግን በክፉ ዘመን ነው። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ ጊዮርጊስም ስሙን ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር እንዲባል ተገደደ። ይድነቃቸው በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ከተማቸው በቆዳ ቀለም ተለይተው የተጫወቱ ሰው ናቸው። ይህ ነገር በኋላ የሠሩትን ሁሉ ይፈታልናል።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበሩ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ካርቱም ላይ ካፍ ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። የመጀመሪያው ዋንጫ ላይ አራት አገሮች ይሳተፋሉ ተብሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ሙሉ ነጭ ወይ ሙሉ ጥቁር ቡድን እንጂ የተቀላቀለ አልልክም አለች። ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያም እንደዚያ ከሆነ ይቅርብሽ አሏት። ኢትዮጵያ በዚሁ ሰበብ ሳትጫወት ፍፃሜ ገብታ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ብድሩ የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 ጥሎ ለፍፃሜ የደረሰው ቡድን በግብፁ በዳዊ ጎል ተመራ። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ሕዝቡ ጨፍሮ ሳይጨርስ በ75ኛው በዳዊ ደገመ። ኢታሎ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ባያገባ ኖሮ ነገሩ አልቆለት ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በድጋሚ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አገቡና 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። ጣሊያን በቀለም ከፋፍሎ ባጫወተበት ከተማ ውስጥ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ስሙ እየተወደሰ ይኖር ነበር። ይድነቃቸው ግን ፊታቸውን ወደ ውጪው ትግል አዞሩ። ለ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንዲት ሙሉ ቦታ ስትነፍግ አኅጉሩ ማጣሪያውን ረግጦ ወጣ፤ እሳቸውም ከትግሉ ፊት መሪዎች አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ ዋንጫ፣ በ1970፣ አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች።

በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ ዋናው አጀንዳቸው የታወቀ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ። የያኔው የፊፋ ፕሬዚዳንት እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ አፓርታይድን የፖለቲካ ጉዳይ ነው እያሉ ለነጮቹ ፌዴሬሽን ሲያዘነብሉ ቆይተዋል። በ1974 ግን የአፍሪካ ድምፅ ወደ ብራዚላዊው ሃቬላንዥ ሄደና ራውስ ወንበራቸውን አጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ማንሳት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ጂሚ ሂል ኮቨንትሪን ከሦስተኛ ዲቪዚዮን አንስቶ ለአንደኛ ያበቃ፣ ከዚያ አሰልጣኝነቱን ትቶ የቢቢሲ ተንታኝ በመሆን ዝነኛ የሆነ ሰው ነው። ይህ ሰው በ1982 ተጫዋቾች ሰብስቦ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰደ። ጥቁሮቹ ክለቦች አንጫወትም አሉና ጉዞው ሳያልቅ ተቋረጠ። እንግዲህ ሁለቱም ከአሰልጣኝ ወንበር ተነስተው ስለ ኳስ መናገርን ሥራቸው ያደረጉ ናቸው። አንዱ በሩን ሊከፍት ሲሞክር ሌላው ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ነበር።

ይድነቃቸው የማይነቀፉ አይደሉም። አኅጉሩን ሲመሩ የቤታቸው ኳስ እየተዳከመ ሄደ። በ1976 ውድድሩ አዲስ አበባ ሲመጣ ኢትዮጵያ ከምድቧ እንኳ ማለፍ አልቻለችም። በ1982 ሊቢያ ላይ ከተሳተፈች በኋላም ለረጅም ጊዜ ጠፋች። ጉልበታቸውን ግማሹን ለአገር ቤት ቢያውሉት ኖሮ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። በሌላ በኩል የካፍ ፕሬዚዳንት አገሩ ስትወድቅ ዝም ብሎ ማየቱ ራሱ፣ ዛሬ ብርቅ የሆነ ነገር ነው።

በመጨረሻም በካንሰር ታመሙ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። አራት ወር ገደማ ቆይቶ ብሔራዊ ቡድኑ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፎ የሴካፋን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲያለቅስና ሲጨፍር እሳቸው አልነበሩም። ደቡብ አፍሪካም አፓርታይድን ጥላ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1992 ነው፤ ይህንንም አላዩም።

ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስትበቃ አስተናጋጇ ያቺው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ኔልስፕሩይት ላይ ከዛምቢያ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታቸውን አደረጉ። አዳነ ግርማ አገባ፤ አንድ ለአንድ ተለያዩ። ቀኑ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር።