ከስፔሊንግ ክፍል የሸሸው ሆለሪት

ስልካችሁ ላይ ያሉትን ስሞች እስቲ እዩዋቸው። ሀይሉ ከላይ፣ ኃይሉ ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ታገኙታላችሁ። ድምፁ አንድ፣ ቦታው ሁለት። ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ ለፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር አይቶ ነው የሚደረድረው።

እኔ ይሄን የተማርኩት ደንግጬ ነው። ከሜይንፍሬም የወጣ የደንበኞች ዝርዝር ከሌላ ሰርቨር ዝርዝር ጋር አስተያይ ተባልኩ። ሁለቱም በተራ የተደረደሩ ስለነበሩ ፕሮግራሜ እኩል እየሄደ አነጻጸራቸው። መለያቸው በቁጥር የሚጀምር ደንበኞች በሙሉ የሉም አለኝ። አሉ እኮ! አካውንታቸው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የደረስኩበት። ሜይንፍሬሙ የሚጠቀምበት ኢብሲዲክ የሚባል ኮድ ትንንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ያስቀድማል፣ ትልልቁን ያስከትላል፣ ቁጥርን መጨረሻ ያደርጋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው አስኪ ግን ቁጥርን ያስቀድማል፤ ከዚያ ትልልቁን፣ ከዚያ ትንንሹን።

ጥፋተኛውን ስፈልግ ኸርማን ሆለሪት ላይ ደረስኩ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1860 ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከጀርመን ስደተኞች ተወለደ። ልጅ ሳለ ስፔሊንግ ሲጠላ ለጉድ ነው፤ ከክፍል በመስኮት ዘሎ አምልጧል ይባላል። በ19 ዓመቱ ከኮሎምቢያ ተመርቆ ለ1880ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ተቀጠረ። የዚያ ቆጠራ ውጤት በእጅ ሲደመር ዓመታት ፈጀ።

መፍትሔውን ያገኘው ባቡር ላይ ነው። ትኬት ቆራጩ የተሳፋሪውን መልክ፣ የፀጉሩንና የዓይኑን ቀለም ሳይቀር፣ ትኬቱን እየበሳ ይመዘግብ ነበር። ሆለሪትም ሰውን ሁሉ በተበሳ ካርድ ላይ አሰፈረ። መርፌው በቀዳዳው አልፎ ሜርኩሪ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይገናኝና ቆጣሪው አንድ ይጨምራል፤ በቃ። በ1890 ከ62 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ ማሽን ተቆጠረ። በ1896 ያቋቋመው ድርጅት በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይቢኤም ተባለ። እሱ በ1929 ዋሽንግተን ውስጥ ሞተ።

ፊደል ካርዱ ላይ የገባው ከእሱ በኋላ ነው። ለአንድ ፊደል ሁለት ቀዳዳ፦ አንዱ ከሦስት የላይ ረድፎች፣ ሌላው ከ1 እስከ 9። ሦስት ጊዜ ዘጠኝ 27፣ ፊደሉ ግን 26 ስለሆነ ከኤስ በፊት አንድ ቦታ ባዶ ቀረ። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360ን ሲያወጣ ይሄንኑ አከፋፈል ኢብሲዲክ ውስጥ ይዞት ገባ። ለዚህ ነው እዚያ በአይ ቁጥር ላይ አንድ ስትደምሩ ጄ የማይመጣው።

በሰውዬው አልፈርድም። እሱ ሰው መቁጠር እንጂ ስም መደርደር መቼ አሳስቦት ያውቃል? ሁለቱን ዝርዝሮች በአስኪ እንደገና ደርድሬ ሳስተያይ ደንበኞቹ በሙሉ ተገኙ። የመዝጊያ ትእዛዙም ተሰረዘ።