በቀልድ የተከፈተ በር

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች በሥራ ቦታ ስላለው እኩልነትና አካታችነት አንድ ነገር ጻፊልን ሲሉኝ እሺ አልኩና ሁለት ወር ሙሉ ጠፋሁባቸው። በየሥልጠናው የሚታየውን ስላይድ እዚህ ብገለብጠው ማን ያነበዋል? በተለይ የእኛ ባች፣ የጠዋቱን ሌክቸር እንኳ ተኝቶ ያሳለፈ! ስለዚህ የኤልዛቤት ብላክዌልን ሕይወት ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ስሟን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ከሚለው ውጭ ግን ብዙም አልተነገረንም። ለምን እሷን እንደመረጥኩ እየቆየሁ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1821 ብሪስቶል፣ እንግሊዝ ውስጥ ነው። አባቷ ስኳር አጣሪ ነበር። ባርነትን አጥብቆ ይጠላል፤ እንጀራው ግን ባሮች ካመረቱት ሸንኮራ አገዳ የሚመጣ ነው። ይህ ነገር ዕረፍት ስለነሳው ስኳርን ከስኳር ድንች መሰል ሥር፣ ከቢት፣ ለማውጣት ሲሞክር ኖሯል። በ1832 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ በ1838 ደግሞ ወደ ሲንሲናቲ ሄዱ፤ እዚያም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እናትየዋ ከልጆቿ ጋር ባዶ እጇን ቀረች። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፍተው ቤቱን ያዙ።

ኤልዛቤት ሐኪም የመሆን ሕልም አልነበራትም። እንዲያውም ስለ ሰውነትና ስለ በሽታ ሲወራ ይቀፋት ነበር። ሐሳቧን የቀየረችው በጠና ታማ የነበረች ወዳጇ ናት፤ የሚያክማት ሰው ሴት ቢሆን ኖሮ ስቃይዋ በቀለለ ነበር ብላ ነገረቻት። ኤልዛቤት እያስተማረች ገንዘብ አጠራቀመች፣ ከሐኪሞች መጻሕፍት እየተዋሰች አነበበች፣ ከዚያም ለአንዱ ኮሌጅ ከሌላው እያከታተለች አመለከተች። መልሱ ሁሉ እምቢ ነበር። ወንድ መስለሽ ለብሰሽ ፓሪስ ሄደሽ ተማሪ ያሏትም ነበሩ፤ ምክሩን አልተቀበለችም።

በመጨረሻ እሺ ያለው በኒው ዮርክ ግዛት፣ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ የሕክምና ኮሌጅ ነው (ስዊዘርላንድ ያለችው አይደለችም)። እሺ ያለበት መንገድ ግን ያስቃል፣ ያሳዝናልም። መምህራኑ ራሳቸው እምቢ ማለቱ ከበዳቸውና ጉዳዩን ለተማሪዎቹ መሩት፤ አንድ ተማሪ ብቻ ከተቃወመ አትገባም የሚል ቅድመ ሁኔታም አስቀመጡ። መቼም አንዱ ይቃወማል ብለው ነው። ወጣቶቹ ግን የሌላ ኮሌጅ ተማሪዎች የሸረቡት ቀልድ መሰላቸውና እየጮኹና እየሳቁ በሙሉ ድምፅ አጸደቁት። ቀልዱ በኅዳር 1847 ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመች።

የከተማው ሴቶች በመንገድ ላይ እንደ ጉድ ያዩአት፣ አንዳንዶቹም ይሸሿት ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሆነ፤ ያ የሚረብሽ ክፍል እሷ ስትገባ ጸጥ ማለት ጀመረ። የአናቶሚ መምህሩ ስለ መራቢያ አካላት የሚያስተምርበት ቀን ሲደርስ እንድትቀር በደብዳቤ ጠየቃት። እሷም ተማሪ መሆኗን፣ መቅረት እንደማትፈልግ፣ ካስቸገረች ግን ወደ ኋላ ወንበር ልትሄድ እንደምትችል መልሳ ጻፈች። መምህሩ ደብዳቤዋን ለክፍሉ አነበበው፤ ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ገብታ ተማረች። በ1848 በጋ ለልምምድ በሄደችበት የፊላደልፊያ የድሆች ሆስፒታል ግን የጠበቃት ሌላ ነው። ወጣት ሐኪሞቹ እሷ ስትገባ ዋርዱን ጥለው ይወጡ ነበር፤ አልጋ ራስጌ ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ ላይም የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም መጻፍ አቆሙ። ኢንተርን ሆናችሁ ባዶ ቻርት ይዛችሁ ራውንድ የቆማችሁ ይህን ትረዱታላችሁ። እሷ ግን ከአየርላንድ በመርከብ ተጭነው የመጡትን የተስቦ ሕሙማን እያየች የመመረቂያ ጽሑፏን እዚያው ሠራች።

ጥር 23 ቀን 1849 ተመረቀች። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቹ ታሪኮች ጭብጨባ አሰምተው የሚያቆሙት። ታናሽ እህቷ ኤሚሊ ተከትላት ስታመለክት ያው የጄኔቫ ኮሌጅ አልቀበልም አላት። ሌላ ኮሌጅ ቺካጎ ውስጥ አንድ ዓመት ካስተማራት በኋላ የግዛቱ የሐኪሞች ማኅበር ስለነቀፈው አትመለሺ አላት። ኤሚሊ የተመረቀችው በ1854 ክሊቭላንድ ውስጥ ነው። ለካ በሩ የተከፈተው ለአንዲት ሴት፣ ያውም በስህተት ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ለስፔሻሊቲ ቃለ መጠይቅ የቀረብኩ ጊዜ የስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከጠያቂዎቹ አንዱ መቼ ለመውለድ እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። ከፊቴ የነበረውን ወንድ አመልካች መቼ ትወልዳለህ አላሉትም፤ ሚስቱ ግን ነፍሰ ጡር ነበረች። እኔ ዕቅድ የለኝም ብዬ ዋሸሁ፤ አለፍኩም። ከዚያ እስከ ስድስተኛ ወሬ ድረስ ሆዴን በሰፊ ጋውን ሸፍኜ ተረኛ አደርኩ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የትና ማን እንደሆነም አልናገርም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አምና ከጠያቂዎቹ ወንበር በአንዱ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ባልደረባዬ ያንኑ ጥያቄ አንዲትን ልጅ ጠየቃት። ልጅቷ እኔ የመለስኩትን መለሰች። እኔስ? አንገቴን ደፍቼ ወረቀቴ ላይ ነጥብ ሞላሁ።

ወደ ኤልዛቤት ልመለስ። ከምረቃ በኋላ ፓሪስ ሄደች። ዲግሪዋን ማንም አልቆጠረላትም፤ ላ ማተርኒቴ የሚባለው ማዋለጃ ሆስፒታል እንደ አዋላጅ ተማሪ ተቀበላት። በኅዳር 1849 ዓይኑ መግል የያዘ አራስ ሕፃን ዓይን ስታጥብ ፈሳሹ ወደ ራሷ ዓይን ተፈናጠረ። በሽታው ዛሬ ሕፃኑ እንደተወለደ በምንቀባው በአንድ ቁንጥር የቴትራሳይክሊን ቅባት የምንከላከለው ነው። ያኔ ግን ምንም አልነበረም። ለሳምንታት ሁለቱም ዓይኖቿ ተሸፍነው ተኛች፤ የግራ ዓይኗ ጠፋ፤ ኋላም ወጥቶ በመስታወት ተተካ። ቀዶ ሐኪም የመሆን ምኞቷ እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያ ለንደን፣ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ገባች፤ ሁሉንም ዋርድ እንድታይ ተፈቀደላት፣ ከአንዱ በቀር። የተከለከለችው የሴቶች ሕመም ዋርድ ነበር። በዚህስ ሳልስቅ ማለፍ አልቻልኩም።

በ1851 ኒው ዮርክ ስትመለስ ቤት የሚያከራያት አጣች፤ በዚያ ዘመን ሴት ሐኪም ሲባል ሰው የሚመጣለት ጽንስ የምታስወርድ ሴት ነበረች። ታካሚም አልመጣም፤ ሆስፒታሎቹም አልተቀበሏት። ከዚህ በኋላ የሠራችው ሥራ ነው እኔን የሚገርመኝ፤ የሌላውን በር ማንኳኳቷን ትታ የራሷን ቤት ሠራች። በ1853 ስደተኞች በሚበዙበት ድሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ በሳምንት ጥቂት ከሰዓት የምትሠራበት ክሊኒክ ከፈተች። በግንቦት 1857 ከኤሚሊና ከበርሊን ከመጣችው ማሪ ዛክርዘቭስካ ጋር በብሊከር መንገድ ላይ ሆስፒታል አቋቋሙ። ማሪ እንግሊዝኛ ሳትችል አሜሪካ የገባች አዋላጅ ነበረች፤ ቋንቋውን ያስተማረቻትና ወደ ሕክምና ኮሌጅ የመራቻት ኤልዛቤት ናት። ሐኪሞቹ ሁሉ ሴቶች ነበሩ፤ ለምክር የሚጠሩ ወንድ ሐኪሞችም ነበሯቸው። የቀዶ ሕክምናው ሥራ በኤሚሊ እጅ ነበር፤ ያንን ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የተሸከመችውም እሷ ናት፤ ስሟን ግን ማን ያውቀዋል?

በ1866 ደግሞ ድሆች በሚኖሩበት ቤት ድረስ እየሄዱ ስለ ንጽሕናና ስለ ሕፃናት አያያዝ እናቶችን የሚያስተምሩ ሐኪሞች መላክ ጀመሩ። የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን አስቡት። በዚህ ሥራ ከተሰማሩት አንዷ ርብቃ ኮል ነበረች፤ በአሜሪካ የሕክምና ዲግሪ ካገኙ ጥቁር ሴቶች ሁለተኛዋ። ባርነት በሕግ ከቀረ ገና ጥቂት ዓመት ነው። የስኳር አጣሪው ልጅ ለጥቁር ሐኪም የሥራ ቦታ ሰጠች፤ አባቷ በቢት ሲታገልበት የነበረው ነገር በዚህ መጣ እላለሁ። በ1868 የሴቶች የሕክምና ኮሌጁ ተከፈተ። የመግቢያ ፈተና ነበረው፣ ትምህርቱም ሦስት ዓመት ነበር፤ ብዙዎቹ የወንዶች ኮሌጆች ያኔ በሁለት ዓመት ያስመርቁ ነበር።

ቅድስት አላደርጋትም። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለውን አዲስ ሳይንስ እስከ እርጅናዋ አልተቀበለችም፤ ክትባትንም ትጠራጠር ነበር። በ1854 ኪቲ ባሪ የምትባል የሰባት ዓመት ገደማ የአየርላንድ ወላጅ አልባ ልጅ ወስዳ አሳደገች። ኪቲ በከፊል ልጅ፣ በከፊል የቤት ሠራተኛ ሆና ኖረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዶክተር እያለች ትጠራት ነበር፤ የራሷን ትዳር ሳትይዝ እስከ መጨረሻው አብራት ቆየች። ለብዙ ሴቶች በር የከፈተች ሴት በገዛ ቤቷ ያንን አላየችውም። የእኛስ ሞግዚቶች የትኛውን የማታ ትምህርት ቤት ጀምረው አቋረጡ? እኔ ተረኛ ባደርኩባቸው ሌሊቶች ልጄን ያቀፈችው ልጅ አሥረኛ ክፍል ላይ እንዳቆመች የጠየቅኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ኤልዛቤት በ1869 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች፤ በ1874 በለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ሲቋቋም አብራ ነበረች። የኒው ዮርኩን ኮሌጅ ይዛ የቀረችው ኤሚሊ ናት። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሴቶችን ከወንዶች ጋር እኩል መቀበል ሲጀምር ኤሚሊ በ1899 ኮሌጁን ዘጋችው፣ ተማሪዎቿንም ወደዚያ ላከች። ሆስፒታሉ ግን ሥራውን ቀጠለ። ሁለቱም እህትማማቾች በ1910 አረፉ፤ ኤልዛቤት በግንቦት መጨረሻ፣ ኤሚሊ በመስከረም።

የዘንድሮው ቃለ መጠይቅ ከክረምቱ በፊት ነው። ለሁሉም አመልካች እኩል የሚቀርቡ ጥያቄዎችን በአንድ ገጽ ጽፌ ለዲፓርትመንቱ ሰጥቻለሁ፤ ስለ እርግዝና አንድም ጥያቄ የለበትም። እስካሁን መልስ አልመጣም። በየዲፓርትመንታችሁ አመልካች የምትጠይቁት ምን እንደሆነ በስብሰባው ቀን ሻይ ላይ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። አምና የመጣችው ልጅ አልፋለች፤ በዚህ ወር የወሊድ ፈቃድ ጠይቃለች።