በአራዳ የታየ ፍቅር፤ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሕይወት

ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ስንማማር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣቸው የጥንት ሰማዕታትን ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን፥ ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን። ሁሉም በሩቅ ዘመንና በሩቅ አገር የኖሩ ናቸውና ገድላቸው ከእኛ ኑሮ ጋር የማይገናኝ መስሎ ይታየናል። ዳሩ ግን ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ ሳንርቅ፥ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ፥ ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ ስንጣደፍ ቀና ብለን ሳናየው የምናልፈው የአንድ አባት ሐውልት ቆሟል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ እኒህ አባት ነው።

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በ1875 ዓ.ም. በሰላሌ አውራጃ በፍቼ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። በደብረ ሊባኖስ ገዳም ተምረው መነኰሱ፤ ከዚያም በመምህርነት ኖሩ። ስለ እነዚህ ዓመታት ብዙ አንልም፤ ተማሪን ማስተማር፥ ጾምና ጸሎት ነው። ነገር ግን ኋላ በአንድ ቀን የታየው ጽናት በአንድ ቀን የመጣ አለመሆኑን ልብ እንበል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከአባታችን ከአባ ሰላማ ጀምሮ ለሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳስ የምታገኘው ከውጭ ነበር። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ወደ ግብፅ ሄደው ከፓትርያርክ ዮሐንስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ፤ እነርሱም አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤል፥ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። የአራቱን ስም በአንድነት የጻፍነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ እርሳቸውም ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው አርበኞችን ያበረታቱ ጀመር። በሐምሌ ወር የነደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከተማይቱን ለማስለቀቅ ሲነሣ አብረው ወረዱ። ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል፥ በየአቅጣጫው የነበሩት አርበኞችም በአንድ ሰዓት ሊገናኙ አልቻሉም። ጥቃቱ ከሸፈ፤ አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ገቡ።

ከእርሳቸው የተፈለገው ትንሽ ነገር ይመስል ነበር፤ አርበኞቹን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለጣሊያን እንዲገዛ እንዲናገሩ ብቻ ነው። ይህን ቢሉ ሕይወታቸው ይተርፍ ነበር። ጠላት ይህን ቃል ለምን አጥብቆ ፈለገ? ከአውሮፕላን የሚበትነውን ወረቀት ገበሬው አይሰማውም፤ የጳጳሱን ቃል ግን ይሰማል። እንግዲህ ቃላቸው የራሳቸው ብቻ አልነበረም፤ የመንጋው ነበር። በቃሉ ነፍሳቸውን ቢገዙ የሚከፈለው ከመንጋው ነው። ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ ሲገዙ አንተ ለምን እንቢ አልህ ተብለው ቢጠየቁ፥ እርሳቸው የሌላ አገር ሰው እንደ ሆኑ፥ እኔ ግን ስለ ሕዝቤና ስለ ቤተ ክርስቲያኔ በእግዚአብሔር ፊት እጠየቃለሁ የሚል መልስ እንደ ሰጡ ይነገራል። ከዚያም አልፈው ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ አወገዙ።

በጉባኤያችን አንዳንዶች እዚህ ላይ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጠላትን ውደድ የተባለ ክርስቲያን፥ ያውም ጳጳስ፥ እንዴት ያወግዛል ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለምና አናንቀውም። ነገር ግን ውግዘቱ የተነገረው ለማን እንደ ነበር እንመልከት፤ ለራሳቸው ልጆች ነው። ልጁ ወደ ገደል ሲሄድ የሚጮኽበት አባት ድምፁ ያስደነግጣል፥ ፍቅሩ ግን በዚያው ጩኸት ውስጥ ነው። እኛ ፍቅርን ከለስላሳ ንግግር ጋር አንድ አድርገን ስለ ለመድን ይህ ይከብደናል። ለጠላትስ ምን አደረጉለት? ሐሰቱን እውነት ብለው አላጸኑለትም፤ ይህም ለበደለኛ የሚደረግ አንድ በጎ ነገር ነው ብለን እናምናለን።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ በአራዳ፥ ሕዝብ እያየ፥ በጥይት ተገደሉ። እንደሚተረከው በመስቀላቸው በአራቱ ማዕዘን ባርከዋል፥ ሰዓታቸውንም አውጥተው አይተዋል። ፖጃሊ የተባለ ጣሊያናዊ ጋዜጠኛም ስለ ግድያው በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኋላ ቴአትር የጻፈው ስለዚህችው ሰዓት ነው።

ከአራቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጣሊያን እጅ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ዘመን ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በአንድ ቀን ከተሾሙት መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት መታየቱ ሊያስፈራን ይገባል እንጂ እንድንፈርድ ሥልጣን አይሰጠንም፤ በዚያ ፍርሃት ውስጥ እኛ ብንሆን የቱን እንመርጥ እንደ ነበር እግዚአብሔር ያውቃል። በሰባተኛው ወር፥ ከየካቲት 12ቱ ቀን በኋላ፥ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተቃጠለ፤ በግንቦትም ያሳደጋቸው የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሸኑ።

ሐውልታቸው በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሥራ ሲባል ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ሰፈሩ ዛሬም ወራሪው በተወው በጣሊያንኛው ስም ፒያሳ ይባላል፤ አደባባዩ ግን የአቡነ ጴጥሮስ ነው። ጠላት አስከሬናቸውን በስውር ስለ ቀበረው መቃብራቸው አይታወቅም።