ሱዛን ላንግሌን፤ ተጫዋችና አሠልጣኝ

ዘንድሮ ስለ አንዲት ፈረንሳዊት የቴኒስ ተጫዋች ልጽፍላችሁ አሰብኩ። ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። የዚች ሴት ታሪክ ግን የድካም ዋጋ ጉዳይ ስለሆነ ሁላችንንም ይመለከታል። ዘመኑን የማነሣው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሱዛን ላንግሌን በ1899 ፓሪስ ተወለደች። በልጅነቷ አስም ስለነበረባት አባቷ ሻርል በ1910 ራኬት ገዛላት። ሜዳው ላይ መሐረብ እያነጠፈ ኳሷን እዚያ ላይ እንድታሳርፍ ያለማምዳት ነበር ይባላል። ስትስት ደግሞ ይቆጣል። በ1914፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ የሸክላ ሜዳ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ወዲያው ጦርነት መጣና ውድድሩ ሁሉ ቆመ።

በ1919 እንግሊዝ አገር ዊምብልደን ሄዳ፣ ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ያሸነፈችውን የ40 ዓመቷን ዶሮቴያ ላምበርት ቼምበርስን ገጠመች። ንጉሡና ንግሥቲቱ ተቀምጠው ያያሉ። እንግሊዛዊቱ ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ብቻ የቀራት ሁለት ጊዜ ነበር፤ ሱዛን ግን እንደምንም አምልጣ 10 ለ8፣ 4 ለ6፣ 9 ለ7 ረታች። በዕረፍቱ መሐል ኮኛክ ትጎነጫለች፤ ቀሚሷም አጠር ያለ፣ ክንዷም የተራቆተ ስለነበር ሰዉ ጉድ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ዊምብልደንን በድምሩ 6 ጊዜ ወሰደች፤ በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክም ወርቅ አገኘች። እስከ 1926 ድረስ በነጠላ የተሸነፈችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በ1921 አሜሪካ ውስጥ አሟት ጨዋታውን አቋርጣ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስታደርግ ደመወዝ የላትም። ትልልቆቹ ውድድሮች ለአማተር ብቻ ነበሩ። ተመልካቹ ቲኬት ይቆርጣል፣ ገንዘቡ ለክበቦቹ ይገባል፣ ተጫዋቹ ዋንጫውን ይዞ ወደ ቤቱ። እኔ ዕድሜዬን የደመወዝ መዝገብ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ነገር አይዋጥልኝም።

በ1926 በዊምብልደን በጨዋታ ሰዓት ላይ አለመግባባት ተፈጠረና ንግሥቲቱ ስትጠብቃት እሷ ሳትደርስ ቀረች። ሰዉ ስላኮረፈባት ውድድሩን ትታ ወጣች። በዚያው ክረምት ከአሜሪካዊው ነጋዴ ከቻርልስ ፓይል ጋር በ50,000 ዶላር ተዋዋለች። በአሜሪካ ከተሞች እየዞረች ከሜሪ ብራውን ጋር 38 ጊዜ ተጫውታ 38ቱንም አሸነፈች። ለዚህ የተከፈላት ሌላም ዋጋ አለ፦ የዊምብልደን ክበብ የክብር አባልነቷን ሰረዘባት፣ የአማተር ውድድርም ተዘጋባት። ያ በር ለፕሮፌሽናሎች የተከፈተው በ1968 ነው።

ዙሩ ሲያበቃ አገሯ ገባች። በ1933 በአንድ የስፖርት ልብስ ቤት ሻጭ ሆና እንደሠራች ይነገራል። ያን ያህል የተጨበጨበላት ሴት! ኋላ ግን በፓሪስ የቴኒስ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ለጀማሪዎችም መጽሐፍ ጻፈች። በ1936 የፈረንሳይ ቴኒስ ፌዴሬሽን ትምህርት ቤቷን የሥልጠና ማዕከል አድርጎ ተቀበለው። አባቷ በመሐረብ ያስተማራትን እሷ ለሰው ልጅ ታስተምር ጀመር ማለት ነው።

ብዙም አልቆየች። በብርቱ የደም ማነስ ታማ ሐምሌ 4 ቀን 1938 በ39 ዓመቷ አረፈች። ከሁለት ቀን በፊት፣ በ1926 ካን ላይ ያሸነፈቻት አሜሪካዊቱ ሄለን ዊልስ 8ኛውን የዊምብልደን ድሏን አግኝታ ነበር። ሱዛን የተቀበረችው ፓሪስ አጠገብ በሴንቱዋን መካነ መቃብር ነው። በሮላን ጋሮስ የሴቶች ሻምፒዮን የምትቀበለው ዋንጫ በስሟ ይጠራል።